ለፍልሰታ ያቆየናቸው ሰባት ቀናት

ሰሌዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት ላልጽፈው እችላለሁ።

አዳማ ባለው የቆዳ መጋዘናችን በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በአራት ሚስማር ተመትቶ እስከ ዛሬ አለ። የአቡጀዲ ጥቅል ታስሮበት የመጣ ቡናማ ወረቀት ነው። መስመሩን ያሰመርኩት ከትምህርት ቤት ይዤ በመጣሁት ማስመሪያ ነው። አሥራ አራት ክፍል አለው፤ ለአሥራ አራት ቀን። እያንዳንዱ ክፍል ለሦስት ተከፍሏል፤ ጧት፣ ቀትር፣ ማታ። በጥቁር ቀለም የተጻፈው ሥራ ነው። በቀይ የተጻፈው ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ። ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ወረቀቱን ላነሣው ሁለት ጊዜ ጉጠት ይዤ ሄጃለሁ። ሁለቴም የላላውን ሚስማር አጥብቄ ተመልሻለሁ።

ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ድሬዳዋ የፈረንጆች ትምህርት ቤት አስገብቶ እስከ መጨረሻው ክፍል ያስተማረኝም እሱ ነው። እሱ ራሱ ፊደል ለይቶ ያነባል እንጂ ከስሙ በቀር መጻፍ አይችልም ነበር።

ሥራው ቆዳ ነበር። ከቡልቡላ፣ ከዝዋይ፣ ከመቂና ከሞጆ ገበያ ጥሬ ቆዳ ይገዛል፤ በጨው ያሳሻል፤ በአጋሰስ ሞጆ ያደርሳል፤ ከዚያ በባቡር አዳማ። አዳማ መጋዘናችን ውስጥ በጥላ ደርቆ፣ ተገላብጦ፣ ተደርድሮ ይቆይና ወደ ባሕር ለሚልከው ፈረንጅ ይሸጣል። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ቆዳ ግን አይጠብቅም። የታረደ ዕለት ጨው ካልነካው ይሸታል፤ ፀሐይ ላይ ከተወጠረ ይሰነጠቃል፤ መጋዘን ገብቶ ካልተገላበጠ ብል ይበላዋል። ጋሼ መቂ ሲሆን የአዳማው ይበላሻል፤ አዳማ ሲሆን የመቂው ይሸታል። እህል የሚበላው ቆሞ ነበር። ሰው ሰላም ሲለው እጁን ይሰጥና ዓይኑ ወደ መንገዱ ይሄዳል።

ትምህርቴን ጨርሼ በባቡር የተመለስኩ ሰሞን፣ አንድ ቀን መቂ የነበረ ሙሉ ጭነት ቆዳ ሸቶ ተጣለ። ጋሼ በዚያ ቀን ሞጆ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነበር፤ ያም ሰው አልመጣም። ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ መደብ ላይ ተቀመጠ።

«እናንተ ዘንድ እዚያ ትምህርት ቤት ሁለት መቶ ልጅ እንዴት ነው በአንድ ደወል የሚነሣው?» አለኝ።

«ሰሌዳ አለ ጋሼ። ግድግዳ ላይ። የትኛው ትምህርት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፏል።»

«የቀረ ቢኖርስ?»

«ይገረፋል።»

ሳቀ። ብዙ አይስቅም ነበር። «እኔን የሚገርፈኝ ቆዳው አለ፤ አንተ ሰሌዳውን ብቻ ሥራልኝ» አለ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንደኛው እስከ አራተኛው ቀን አዳማ፣ መጋዘን። አምስተኛው ሞጆ። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ወደ ታች ጉዞ። ዘጠነኛው የቡልቡላ ገበያ። ከዚያ በዝዋይና በመቂ ቆዳውን እየሰበሰቡ መመለስ፤ በአሥራ ሦስተኛው ሞጆ ደርሶ ፉርጎ ላይ መጫን። አሥራ አራተኛው እሑድ፣ ቤት። ባቡሩ የሚያልፍባቸውን ቀናት ጻፍኩ። የማርያምንና የሚካኤልን ቀን ሳይቀር ከዳር ጻፍኩ፤ በእነዚያ ቀኖች ክርስቲያኖቹ ሠራተኞች ጨው አይነኩምና።

ሚስቱ፣ እትዬ የምላት፣ በሩ ላይ ስመታው ቆማ አየችኝ። ማንበብ አትችልም። ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደችና፣

«ለመሆኑ እኔን የቱ ላይ ጻፋችሁኝ?» አለች።

«እሑድ ላይ» አላት ጋሼ።

«ጧት ነው ማታ?»

«ከቅዳሴ በኋላ።»

«እንግዲያው ለነፍስ አባታችን ልንገራቸው፤ ቅዳሴውን እንዲያሳጥሩት» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ስለ ሰሌዳው ሳስብ ይህ ሳቅ ይመጣብኛል። ባይመጣብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰሌዳው ሠራ። ይህን መካድ አልችልም። በሁለት ወር ውስጥ ጋሼ ቀጠሮ የማያፈርስ ሰው ተባለ። የቡልቡላ ሻጮች ቆዳቸውን ለሌላ ከመሸጥ እሱ የሚመጣበትን ቀን ይጠብቁ ጀመር። የሞጆ ጣቢያ ዘበኛ ጋሼን ሲያይ፣ «ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ነው ማለት ነው» ይል ነበር። ጋሼ እህሉን ተቀምጦ መብላት ጀመረ። እኔም ኮራሁ። የተማርኩት ትምህርት ለምንም አይጠቅም ይሆናል ብዬ እፈራ ነበር፤ እነሆ ጠቀመ።

ከዚያ ወባው መጣ። እዚያ ቆላ የሚመላለስ ሰው ወባ አይቀርለትም። በመጀመሪያ ግራ ገብቶን ነበር። ቀጥሎ ግን ጋሼ ራሱ አንድ ነገር አስተዋለ። ቀን አልፎ ቀን ነው የምትይዘው፤ ያውም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። መጀመሪያ ታንቀጠቅጠዋለች፣ ከዚያ ታቃጥለዋለች፣ ከዚያ በላብ ታጥበውና ትለቀዋለች። አመሻሹ ላይ እንደ ጤነኛ ሰው ይነሣል። በማግሥቱ ምንም የለበትም።

«እንግዳዋ ከብዙ ነጋዴ ትሻላለች» አለ። «በቀጠሮዋ ትመጣለች፤ በቀጠሮዋ ትሄዳለች።»

ከዚያም ቀዩን ቀለም አምጣ አለኝ።

የእንግዳዋን ቀናት በቀይ ጻፍኩ። አሥራ አራት ለሁለት እኩል ስለሚከፈል ሁልጊዜ በእነዚያው ክፍሎች ላይ ትውላለች፤ በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በስድስተኛው፣ እንዲህ እያለ። የቡልቡላ ገበያ ዘጠነኛው ላይ ስለሆነ ነፃ ነው። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለጋሼ ስነግረው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በቀይዋ ቀን እስከ ሰባት ሰዓት ይሠራል፤ በሰባት ተኩል ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። መንገድ ላይ ስንሆን ደግሞ የትኛው ግራር ሥር እንደምንቆም አስቀድመን እናውቅ ነበር። አጋሰሶቹም ያውቁ ነበር መሰለኝ፤ ሳይነገራቸው ይቆማሉ።

እንዲህ እንዴት ኖርን? አሁን ስጽፈው እብደት ነው። ያን ጊዜ ግን ብልሃት ነበር። ሰዎችም፣ ወባን በሰሌዳ የገዛ ሰው እያሉ በመገረም ያወሩለት ነበር።

ኪኒን ነበረን። ጋሼ ግን በደንብ አይወስደውም። ኪኒን ሲውጥ ጆሮው ይጮኽበታል፤ ደላሎች ደግሞ የመጨረሻውን ዋጋ በጆሮ ነው የሚያንሾካሹኩት። «ገበያ ላይ ደንቆሮ ሆኜ ምን ልገዛ ነው?» ይል ነበር። ስለዚህ ኪኒኑንም ሰሌዳው ላይ አስገባነው። ገበያ በሌለበት ቀን አንድ ፍሬ፤ ገበያ ባለበት ቀን ምንም።

በግንቦት የጋሼ ዓይን ነጭ ክፍል ብጫ ሆነ። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። እትዬ ለምና ለምና፣ የባቡር ሠራተኞችን ለማየት ወደ አዳማ ብቅ የሚል አንድ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ አማርኛ አያውቅም። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ የጋሼን ሆድ በግራ በኩል ጫን ጫን አድርጎ አየ። ብዙ ጠየቀ፤ ሁሉንም መለስኩ። ስለ ሰሌዳውም ነገርኩት፤ እንዲደነቅ ፈልጌ ነው መሰለኝ። አልተደነቀም። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንድሰማው፣ በፈረንሳይኛ ተናገረ። ሰባት ቀን ተከታትሎ ይተኛ። ሰባቱንም ቀን ኪኒኑን ጧት፣ ቀትርና ማታ ይዋጥ። አንድ ቀን እንኳ አያቋርጥ። ይህን አሁን ካላደረገ ይሞታል።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

እኔ ምን እንዳልኩ ልጻፍ።

በአገራችን ታላቅ ሰውን ፊት ለፊት «ትሞታለህ» አይሉትም። ሞት ራሱ ከደረሰ በኋላ እንኳ መርዶው በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ ያውም ተለሳልሶ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተብሎ። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሚያየኝ ደግሞ ያሳደገኝ ሰው ነው። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

«ሰባት ቀን ተከታትለህ ተኝተህ ኪኒን ውሰድ ይላል» አልኩት። «ያለዚያ ይከፋል ይላል።»

«መክፋቱንማ እኔም አውቃለሁ» አለ ጋሼ። «መቼ ይላል?»

«አሁን ይላል።»

«አሁን ሲል፣ በዚህ ወር ነው?»

ወደ ሐኪሙ ዞሬ አልጠየቅኩም። ሐኪሙ ኪኒኑን በወረቀት እየጠቀለለ ነበር። «እንደሚመችህ ነው» አልኩ። ይህን ሐኪሙ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ከሐኪሙ ተመልሰን መጋዘን ገባንና ሰሌዳው ፊት ቆምን። ሰባት ቀን ፈለግን። እውነቴን ነው፣ ፈለግን። ጋሼ በጣቱ እየነካ ይሄዳል፤ ይህ ሞጆ ነው፣ ይህ መንገድ ነው፣ ይህ ቆዳ ገዢው ፈረንጅ የሚመጣበት ነው። ተከታትሎ ከሁለት ቀን በላይ ባዶ አልተገኘም። እኔው ነኝ እንዲህ ባዶ እንዳይኖረው አድርጌ የሠራሁት። ባዶ ክፍል ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

«ፍልሰታ ላይ አድርገው» አለ ጋሼ በመጨረሻ። «በጾሙ ክርስቲያኑ አያርድም፤ ቆዳ የለም። አዋሽም ሞልቶ አያሻግርም። ከፍልሰታ መያዣ ጀምረህ ሰባቱን ቀን ጻፍልኝ።»

ከሰሌዳው ግርጌ ሌላ ቁራጭ ወረቀት ለጠፍኩ። ሰባት ክፍል አሰመርኩ። በቀይ ቀለም በእያንዳንዱ ላይ «ጋሼ ይተኛል» ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ጊዜ።

ከዚያ የሆነውን ነገር እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ሁለታችንም ቀለለን። ጋሼ እጁን አራግፎ፣ «በቃ፣ ይህም ተፈጸመ» አለ። ያን ዕለት በደንብ በላ። እትዬም ሐኪሙ ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ፣ «ቀን ቆርጠንለታል» አልኳት። እሷም እግዚአብሔር ይመስገን አለች። የተጻፈ ነገር የተደረገ መሰለን። ኪኒኑን ደግሞ ፍልሰታ ሳይደርስ እንዳያልቅ ብለን ሳጥን ውስጥ ቆለፍንበት።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው፣ የዓመቱን የመጨረሻ ጉዞ ወደ ቡልቡላ ሄድን። በስምንተኛው ቀን እንግዳዋ በሰዓቷ መጣች፤ በሰዓቷ ሄደች። በዘጠነኛው ጧት ጋሼ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ገበያ ወጣ።

ቡልቡላ ላይ ቆዳ የሚሰበስብልን አንድ የአርሲ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ ኦቦ ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከአማርኛቸው ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ከሩቅ ነው የሚጣሩት።

«አካም ጅርታ፣ ነጋዴ! ወረቀትህ ደህና አደረ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው ኦቦ። ወረቀቱ እርስዎን ሰላም በል ብሎኛል።»

«የኔን ስም ጽፈህበታል?»

«ዘጠነኛው ላይ አሉ።»

«ሞቴንም ጽፈህበት እንደሆን ንገረኝ፤ ልጆቼን ልሰብስብ» አሉና ሳቁ። ከዚያ እጁን ጨብጠው ሳቃቸውን አቆሙ። እጁን አልለቀቁትም። «ይህ እጅ ይፈጃል» አሉ። «ቡሳ ይዞሃል።» ቡሳ የሚሉት ወባን ነው።

«ዛሬ ቀኗ አይደለም፣ ኦቦ» አላቸው ጋሼ።

«ቀኗን ማን ነገረህ?»

ጋሼ ወደ እኔ ጠቆመ። ሽማግሌው አዩኝ። እኔ በኪሴ የምይዘውን የሰሌዳውን ግልባጭ አወጣሁ። ተመለከትኩ። ዘጠነኛው ክፍል ላይ ቀይ የለም።

«ቀኗ አይደለም» አልኩ።

እንዲህ አልኩ። ወንድሜ ፊቴ ቆሞ ይነድዳል፤ እኔ ወረቀት አያለሁ።

«ቡሳ ወረቀት አታነብም» አሉ ሽማግሌው። «ተው፣ ቤቴ ግባና ተኛ። ቆዳውን እኔ አያለሁ። አታምነኝም?»

«አምንዎታለሁ። ፀሐዩ ነው ያሞቀኝ» አለ ጋሼ፤ ገና ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። እስከ ቀትር ገዛ። ደላላ ሲያንሾካሹክበት ይሰማ ነበር፤ ኪኒን አልዋጠምና። በሰባት ሰዓት ገደማ አንድ የበሬ ቆዳ አንሥቶ ወደ ፀሐይ ይዞ እያየው ሳለ፣ ቆዳው ከእጁ ወደቀ። ቀጥሎ እሱ ወደቀ።

የሽማግሌው ቤት አስገባነው። ትኩሳቱ አመሻሹ ላይ ይለቀዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልለቀቀውም። በማግሥቱ ጧትም አልለቀቀውም፤ ኪኒኑ አዳማ ሳጥን ውስጥ ነው። ከእኔ ጋር የሚናገረው ግማሹ ስለ ቆዳ ነበር፤ ግማሹን ደግሞ አላውቀውም። ሽማግሌው ከጎረቤት አራት ወንዶች ጠርተው ቃሬዛ አሠሩ። «አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አለ ትላላችሁ አይደል? ወደ ባቡሩ» አሉ። እሳቸውም በእግራቸው ተከተሉን። እኔ በቅሎዎ ላይ ውጡ ብላቸው፣ «በቅሎዋ ለመመለሻ ትጠቅመኛለች» አሉኝ።

ዝዋይ ላይ አልቆምንም። መቂ ላይ አልቆምንም። በሁለቱም ቦታ ሰዎች ቆዳቸውን አውጥተው ጋሼን ይጠብቁ ነበር፤ ቀጠሮው ነውና። ቃሬዛውን ሲያዩ ከመንገድ ዞር አሉልን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ በደከመው ቁጥር እኔ እገባለሁ። ጋሼ ቀላል ነበር። የቀበቶው ቀዳዳ የነገረንን እኛ አልሰማንም እንጂ፣ ቀላል ሆኖ ነበር።

ሞጆ የደረስነው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው ባቡር የአሥራ ሦስተኛው ቀን ነበር። ከሰሌዳው ቀድመን የደረስነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የጣቢያው ዘበኛ ከሩቅ አየንና፣ «ዛሬ አሥራ ሁለተኛ አይደለም እንዴ?» አለ። ከዚያ ቃሬዛው ላይ ያለውን አይቶ ቆቡን አወለቀ።

በማግሥቱ ጧት ጋሼን ጣቢያው ጥላ ሥር አስተኛነው። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ሁለት ሰዓት ገደማ ዓይኑን ገለጠ። አወቀኝ።

«ዛሬ የት ነው መሆን ያለብኝ?» አለኝ።

«እዚሁ ጋሼ። ሞጆ። አሥራ ሦስተኛው ነው።»

«ደርሻለሁ ማለት ነው?»

«ደርሰሃል።»

«ጥሩ» አለ።

ሌላ ነገር አልተናገረም። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አረፈ። ሽማግሌው ናቸው በመዳፋቸው ዓይኑን የጨፈኑት። ባቡሩ በሰዓቱ መጣ። ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ ደወሉ ተደወለ፣ ሄደ።

ወደ አዳማ የተሸከሙት እነዚያው አራት ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎች ቀድመው ለእትዬ መርዶ ነገሯት። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የአርሲው ሽማግሌና አራቱ ሰዎች ከቅጥሩ ውጭ ቆመው እስከ መጨረሻው ጠበቁ። ሽማግሌው ሲሰናበቱኝ ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንደሄደ ልናገር አልችልም። ሰሌዳው ግን ይሄድ ነበር። ጧት ስነሣ ዛሬ ስንተኛው ነው ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛው ነው፤ በስምንት ሰዓት ያንቀጠቅጠዋል። ሰባት ተኩል ሲሆን ጋቢ ላመጣለት እነሣለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ። ድንኳኑ ተነቀለ፤ ለቀስተኛው ሄደ፤ አርባው ወጣ። መጋዘኑን አልከፈትኩም። እትዬ ከእኔ ጋር ብዙ አትነጋገርም ነበር፤ ኀዘኑ ነው ብዬ ነበር።

ፍልሰታ ተያዘ። በመጀመሪያው ቀን ዝናብ ይጥል ነበር። እትዬ ወደ መጋዘኑ ስትሄድ አየኋትና ተከተልኳት። በሩን ከፍታ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ሽታው ያፍናል።

«ይህ ታች ያለው ቀይ ምን ይላል?» አለችኝ።

«የድሮ ነው፣ እትዬ።»

«ምን ይላል አልኩህ። ሰባት ነው። ቆጥሬዋለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።»

«ጋሼ ይተኛል ይላል።»

«መቼ?»

«ዛሬ። ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ቀን።»

ጣቷን በሰባቱ ክፍል ላይ አስኬደች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ በላይ መሸሸግ አልቻልኩም። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። በፈረንሳይኛ ያለውን፣ እኔ በአማርኛ ያልኩትን፣ «እንደሚመችህ ነው» ያልኩትን። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም ነበር።

«አሁኑኑ ካልተኛ ይሞታል ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ይህን ለሱ ብትነግረው ይተኛ ነበር?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እኔ አውቃለሁ። አይተኛም ነበር» አለች። በረድ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው። አንድ አፍታ ነፍሴ መለስ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ቀጠለች። «ለኔ ብትነግረኝ ኖሮ ግን አስተኛው ነበር። በር ቆልፌ፣ ልብሱን ደብቄ፣ በሩ ላይ ተኝቼ አስተኛው ነበር። እኔን ለምን አልነገርከኝም?»

ለእሷ እውነቱን መንገር ከነአካቴው ትዝ አላለኝም። እሷ የእሑድ ነበረች።

ሰባቱን ቀን አላናገረችኝም። ምግቤን ታስቀምጥልኛለች፤ ሄዳ በጋሼ መደብ ላይ ትቀመጣለች። ሰባቱንም ቀን መደቡን እንደ ሕመምተኛ አልጋ አንጥፋው ነበር። እኔ ከቤት አልወጣሁም። አንድ የሞጆ ነጋዴ በአራተኛው ቀን ደጃፋችን መጥቶ ተጣራ። ሥራ በዝቶበት እንደተጨነቀ፣ ለሱም እንደ ወንድሜ ያለ ሰሌዳ እንድሠራለት፣ ለድካሜም ጥሩ እንደሚከፍለኝ ከበሩ ውጭ ሆኖ ነገረኝ።

«ሰባት ባዶ ቀን አለዎት?» አልኩት።

«ባዶ ቀን ቢኖረኝማ አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ» አለ።

አልሠራልዎትም አልኩት። ኀዘን ላይ ነው ብሎ ሄደ። ከሌላ ሰው አሠርቶት ይሆናል።

በስምንተኛው ቀን ጧት እትዬ መደቡን አጠፈች። ጋቢውን አጥባ አሰጣችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ቆመች፤ ፊቴን ሳታይ፣

«ቆዳውን ብል እየበላው ነው» አለች። «ሄደህ አገላብጠው።»

ሄድኩ። የመጋዘኑን በር ከፈትኩ። የላይኞቹ ቆዳዎች በእጄ ስነካቸው እንደ አመድ ተበተኑ። የላይ የላዩን እያነሣሁ ጣልኩ። እታች፣ ከግድግዳው ሥር፣ ያልተበላ ጥቂት አገኘሁ። አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመርኩ። ስንተኛው ቀን እንደሆነ ለማየት ወደ በሩ አልዞርኩም።